ኦሊምፒያድ፣ የምርምር ፕሮጀክት ወይስ የክረምት ፕሮግራም? ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያሉ የሒሳብና የሳይንስ ዕድሎች የንጽጽር መመሪያ

ሒሳብና ሳይንስ የሚወድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት የሚሳተፍባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ኦሊምፒያድ፣ የሳይንስ አውደ ርዕይ፣ የክረምት ፕሮግራም፣ የቡድን ውድድር፣ በኢንተርኔት የሚለቀቅ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ። ተማሪውም ወላጁም ምርጫውን የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ስም አለው?» ብለው ነው። ጥያቄው ብዙ አይረዳም። ስም ያላቸው ሁሉ የሚወስዱት ጥቂት ሰው ነው፤ ስሙን ብቻ አይቶ ያመለከተ ተማሪ ካልተመረጠ ዓመቱ በከንቱ ያልፍበታል።

ከስም ይልቅ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ አንድ ጥያቄ አልፈታ ሲላችሁ ሳትሰለቹ ምን ያህል ጊዜ አብራችሁት መቆየት ትችላላችሁ? ዕድሎቹ በዋናነት የሚለያዩት በዚህ ነው። በምርጫ የሚመለስ ውድድር ለአንድ ጥያቄ 3 ደቂቃ ይሰጣል፤ ኦሊምፒያድ አንድ ሰዓት ተኩል፤ የክረምት ፕሮግራም የመግቢያ ጥያቄ ሳምንታት፤ የምርምር ፕሮጀክት ወራት። በ3 ደቂቃው የሚያበራ ተማሪ በወራቱ ሊሰለች ይችላል፤ በክፍል ፈተና ሰዓት የሚያጥረው ዘገምተኛ ደግሞ በምርምር ሁሉን ሊቀድም ይችላል። ሁለተኛ፣ ባታሸንፉ ወይም ባትመረጡ በእጃችሁ ምን ይቀራል? ምንም የማይቀር ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ሰዓት የተቆጠረበት ውድድር

የምርጫ ጥያቄ ውድድሮች ለመግባት ቀላል፣ ለዝግጅትም ርካሽ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ፈረንሳይ የተጀመረው የካንጋሮ ሒሳብ ውድድር አንዱ ነው፤ የአሜሪካው ኤ.ኤም.ሲ 12 ሌላው። ኤ.ኤም.ሲ 12 በ75 ደቂቃ 25 ጥያቄ ያቀርባል፤ ትክክለኛ መልስ 6 ነጥብ፣ ባዶ የተተወ 1.5፣ የተሳሳተ 0 ያገኛል። አቆጣጠሩ ራሱ ስልት ይጠይቃል። ከአምስቱ አማራጮች አንዱን በጭፍን ብታጠቁሩ በአማካይ የምታገኙት 1.2 ነጥብ ነው፤ ባዶ ከመተው ያንሳል። አንዱን አማራጭ በእርግጠኝነት ከሰረዛችሁ መገመትም መተውም እኩል ነው፤ ሁለቱን ከሰረዛችሁ መገመት ያዋጣል። ቀጥሎ ያለው ደረጃ፣ ኤ.አይ.ኤም.ኢ፣ በ3 ሰዓት 15 ጥያቄ ሲሆን መልሱ ከ0 እስከ 999 ያለ ሙሉ ቁጥር ነው። እዚያ ባዶ መተው ምንም ነጥብ አያስገኝም፤ የሆነ ቁጥር መጻፍ አለባችሁ።

ኦሊምፒያድ ከዚህ በዓይነቱ ይለያል። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ እ.ኤ.አ. በ1959 ሩማንያ ውስጥ ተጀመረ። ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በየቀኑ በአራት ሰዓት ተኩል ሦስት ጥያቄ። እያንዳንዱ ጥያቄ 7 ነጥብ ነው፤ ድምሩ 42። አንድ አገር የሚልከው እስከ 6 ተማሪ ነው፤ ተወዳዳሪው ከ20 ዓመት በታች መሆንና ዩኒቨርሲቲ ያልገባ መሆን አለበት። ሜዳልያ የሚያገኘው ቢበዛ ግማሹ ተወዳዳሪ ሲሆን ወርቅ፣ ብርና ነሐስ በግምት 1 ለ2 ለ3 ይከፋፈላሉ። ጥያቄዎቹ ከአልጀብራ፣ ከጂኦሜትሪ፣ ከቁጥር ቲዎሪና ከኮምቢናቶሪክስ (የአቆጣጠርና የአደራደር ሒሳብ) ይወጣሉ። ካልኩለስ አይጠየቅም፤ ካልኩሌተርም አይገባም።

በክፍል ፈተና መቶ ከመቶ የሚያመጡ ተማሪዎች እዚህ ዜሮ የሚያገኙበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። መልስ ይጽፋሉ እንጂ ማረጋገጫ አይጽፉም። አንድ ምሳሌ በቅርብ እንየው። ከ3 የሚበልጥ ማንኛውንም ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) በራሱ አባዙና 1 ቀንሱ፤ ውጤቱ ምንጊዜም ለ24 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አረጋግጡ ተባለ እንበል። ልማደኛው ተማሪ 5ን ሞክሮ 24፣ 7ን ሞክሮ 48፣ 11ን ሞክሮ 120፣ 13ን ሞክሮ 168 ያገኛል፤ ከዚያ «ስለዚህ እውነት ነው» ብሎ ይዘጋል። ይህ ነጥብ አያሰጥም። መሞከር ለምን እንደማይበቃ የታወቀ ምሳሌ አለ፦ አንድ ቁጥር በራሱ ይባዛ፣ ያው ቁጥር ይደመርበት፣ 41 ይጨመርበት። ከ0 እስከ 39 ያሉት አርባ ቁጥሮች በሙሉ ብቸኛ ቁጥር ይሰጣሉ። 40 ላይ ግን 1681 ይመጣል፤ እሱም 41 በ41 ነው። አርባ ጊዜ ሠርቶ አርባ አንደኛው ላይ ይወድቃል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው ይህ ነው። አንድን ቁጥር በራሱ አባዝቶ 1 መቀነስ፣ ከቁጥሩ በፊት ያለውንና ከቁጥሩ በኋላ ያለውን እንደማባዛት ነው። ከ3 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ጎዶሎ ስለሆነ ሁለቱ ጎረቤቶቹ ተከታታይ ተጋማሽ (ለ2 የሚካፈሉ) ቁጥሮች ናቸው፤ ከሁለት ተከታታይ ተጋማሽ ቁጥሮች አንዱ ለ4 ይካፈላል፤ ስለዚህ ብዜታቸው ለ8 ይካፈላል። ከሦስት ተከታታይ ቁጥሮች ደግሞ አንዱ ለ3 ይካፈላል፤ ብቸኛ ቁጥሩ ራሱ ሊሆን ስለማይችል ከጎረቤቶቹ አንዱ ነው። ለ8ም ለ3ም የሚካፈል ነገር ለ24 ይካፈላል። አለቀ። ይህን አንቀጽ አንብባችሁ «ሌላ ስጡኝ» ካላችሁ ኦሊምፒያዱ የእናንተ ነው። «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ካላችሁም ነውር የለውም፤ ወደ ፕሮጀክቱ ክፍል እለፉ።

ዝግጅቱን በተመለከተ፣ በሳምንት ሃያ ጥያቄ እየጀመሩ ከመተው ሁለት ጥያቄ እስከ መጨረሻው ጽፎ መጨረስ ይበልጣል። አንዱን ጥያቄ አንድ ሰዓት ተኩል ታገሉት፤ እንቢ ካለ መፍትሔውን አንብቡ፤ በማግስቱ ሳታዩ ከራሳችሁ ጻፉት። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን የማግስቱን ጽሑፍ ነው፤ ማንበብ ብቻውን የገባቸው ያስመስላል። በሳምንት ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል፣ ምክንያታዊ መጠን ነው።

የሌሎቹ ኦሊምፒያዶች ልዩነት በርዕስ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የፊዚክስ ኦሊምፒያድ (ዋርሶ፣ እ.ኤ.አ. 1967) 5 ተማሪ ይቀበላል፤ ከ50ው ነጥብ 30ው ለንድፈ ሐሳብ፣ 20ው ለሙከራ ነው። በኬሚስትሪው (ፕራግ፣ እ.ኤ.አ. 1968) ከመቶው 40 የተግባር ነው። የባዮሎጂውም የተግባር ፈተና አለው። ስለዚህ የሚሠራ ላቦራቶሪ የሌለበት ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ በእነዚህ ከመጀመሪያው ወደ ኋላ ይቀራል። የኢንፎርማቲክስ ኦሊምፒያድ (ቡልጋሪያ፣ እ.ኤ.አ. 1989) ግን ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ብቻ ይጠይቃል፤ ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች በነፃ ይገኛሉ፣ የጻፋችሁትን ፕሮግራም ወዲያው የሚያርሙ ድረ ገጾችም አሉ። አስተማሪ በአቅራቢያው ለሌለው ተማሪ ከሁሉም የሚመቸው ይህ ነው ብንል አልተጋነነም። ነጥቡም በከፊል ስለሚሰጥ ግማሽ መንገድ የሄደ መፍትሔ ባዶ አይቀርም። ቋንቋው በአብዛኛው ሲ ፕላስ ፕላስ ነው፤ በፓይተን የጀመረ ተማሪ ለመሸጋገር ጥቂት ወራት ይያዝ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ አጣሩ። ወደ ዓለም አቀፍ ኦሊምፒያድ በግል ማመልከት አይቻልም፤ የሚላከው የአገር ቡድን ነው። ለአፍሪካ አገሮች ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1987 ጀምሮ የሚካሄድ የፓን አፍሪካ የሒሳብ ኦሊምፒያድ አለ፤ እሱም በአገር ቡድን ነው። የአገራችሁ መራጭ አካል ማን እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ዙር መቼ እንደሆነና ከየትኛው ክፍል ጀምሮ እንደሚቀበሉ ሳታውቁ አንድ ዓመት መዘጋጀት ኪሳራ ነው። ሜዳልያ ባይገኝ የሚቀረው ማረጋገጫ የመጻፍ ልምድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳብ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚገባ ትልቅ ስንቅ ነው። መረጃ መሰብሰብን፣ መሣሪያ መያዝንና ረጅም ጽሑፍ መጻፍን ግን ኦሊምፒያድ አያስተምርም።

የምርምር ፕሮጀክት

ከፕሮጀክት መድረኮች ትልቁ አይሴፍ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የሳይንስና ኢንጂነሪንግ አውደ ርዕይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ፊላደልፊያ የተጀመረ ሲሆን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ይሳተፉበታል። እዚህም በቀጥታ ማመልከት የለም፤ ከአይሴፍ ጋር በተቆራኘ አገር አቀፍ ወይም አካባቢያዊ አውደ ርዕይ አሸንፎ መላክ ያስፈልጋል። በግል ወይም እስከ ሦስት ሰው ባለው ቡድን ይቀርባል፤ የሚታየው ሥራ ከ12 ተከታታይ ወራት ያልበለጠ መሆን አለበት።

ፕሮጀክቶች ከዳኛ ፊት ሳይደርሱ የሚወድቁት በሳይንሱ ድክመት ብቻ አይደለም፤ በደንብም ነው። ሰው የሚሳተፍበት ማንኛውም ጥናት፣ ለክፍል ጓደኞች የተበተነ ተራ መጠይቅም ቢሆን፣ ከመጀመሩ በፊት በገምጋሚ ኮሚቴ መጽደቅ አለበት። መጠይቁን በትኖ ውጤቱን ሰብስቦ ከዚያ ፈቃድ የሚጠይቅ ተማሪ ከውድድር ይሰረዛል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማጽደቅ የለም። የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳትም እንዲሁ ቅድመ ፈቃድ ይፈልጋሉ። ባክቴሪያ ቤት ውስጥ ማራባት ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው፤ የበር እጀታን በጥጥ ጠርጎ ኩሽና ውስጥ ማብቀል ብዙ ልጆች የሚያስቡት ፕሮጀክት ስለሆነ ይህ ልብ ይባል። ፈቃድ የማያሻውን ለሚፈልግ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ የኮምፒውተር ሞዴልና በነፃ የተለቀቀ የመረጃ ስብስብን መተንተን ቀላሉ መንገድ ነው።

ለፕሮጀክት የምትሆኑ መሆን አለመሆናችሁን በሁለት ከሰዓት መፈተን ይቻላል። ክር፣ ዳዶ ወይም ሌላ ትንሽ ከባድ ነገር፣ ሜትርና የስልክ ሰዓት ይበቃል። ዳዶውን በክሩ አንጠልጥሉ፤ ከላይ ከታሰረበት እስከ ዳዶው መካከል ልክ 1 ሜትር ይሁን። አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የስበት ፍጥንጥነትን (9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ መሆን ያለበትን) ለማግኘት 39.5ን በርዝመቱ አባዙና ለአንዱ ዙር ጊዜ ካሬ አካፍሉ። አሁን ስህተቱን ተመልከቱ። የሰው ጣት ሰዓቱን ሲጫን 0.2 ሰከንድ ያህል ይዛባል። አንድ ዙር ብቻ ከለካችሁ ይህ የ2 ሰከንዱ 10 በመቶ ነው፤ ጊዜው ካሬ ስለሚሆን መልሱ 20 በመቶ ሊስት ይችላል። ሃያ ዙር በአንድ ላይ ለክታችሁ ለሃያ ብታካፍሉ ግን ያው 0.2 ሰከንድ በ40 ሰከንድ ላይ ይበተናል፤ መልሱ የሚስተው 1 በመቶ ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ሃያ ዙር የማያድነው ስህተትም አለ። ርዝመቱን እስከ ዳዶው መካከል ሳይሆን እስከ ቋጠሮው ከለካችሁና ልዩነቱ 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ሺህ ጊዜ ብትደግሙት መልሱ 2 በመቶ እንደሳተ ይቀራል። አንግሉ ሰፍቶ 30 ዲግሪ ከደረሰም ዙሩ በ1.7 በመቶ ይረዝማል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ የሚጨምረው 0.2 በመቶ ብቻ ነው። ዳኞች የሚጠይቁት ይህን ነው፤ የትኛው ስህተት በመደጋገም ይቀንሳል፣ የትኛውስ አይቀንስም? «9.8 መምጣት ነበረበት፣ 9.6 መጣ፤ ለምን?» ብላችሁ ማታ የምታስቡ ከሆነ ፕሮጀክት ይስማማችኋል። ቁጥሩን 9.8 አድርጎ ለመጻፍ ከቃጣችሁ ደግሞ ውድድር ላይ ቆዩ። ሰዓቱን በእጅ ከመጫን መገላገል የሚፈልግ ከጀርመኑ የአኸን ዩኒቨርሲቲ የወጣውን ፋይፎክስ የተባለ ነፃ የስልክ መተግበሪያ ይጠቀም፤ የስልኩን ዳሳሾች መለኪያ ያደርጋቸዋል።

ሌላው የተለመደ ድክመት የናሙና ማነስ ነው። በአንድ ቡድን 5 ዘር ብቻ ተክሎ ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ አንዷ ዘር ሳትበቅል ብትቀር ውጤቱ በ20 በመቶ ይለወጣል። ሠላሳ ዘር ተክሎ ሙከራውን ሦስት ጊዜ መድገም ብዙ ወጪ ሳይጨምር ሥራውን ከጨዋታ ወደ ጥናት ያሸጋግረዋል። እንደ ሙዚቃ በዕፅዋት ዕድገት ላይ ያለው ተጽዕኖ ዓይነት ዳኞች አይተው የጠገቡት ርዕስ ደግሞ በደንብ ቢሠራም አይስብም።

ጊዜውን ስምንት ወር አድርጋችሁ አስቡት። ጥያቄውን ለማጥበብና ለማንበብ አንድ ወር፣ ዕቅድ ለመጻፍና ፈቃድ ለማግኘት አንድ ወር፣ ለትንሽ ቅድመ ሙከራ ሁለት ሳምንት፣ መረጃ ለመሰብሰብ ሦስት ወር፣ የቀረው ለትንተና፣ ለጽሑፍና ለፖስተር። ቅድመ ሙከራውን የሚዘል ተማሪ መሣሪያው እንደማይሠራ የሚያውቀው አምስተኛው ወር ላይ ነው። የሥራ ደብተር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቀን ይያዝ፤ የተሰረዘው ይታይ፣ ገጽ አይቀደድ። በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ የተሠራ ሥራ ሲሆን የመጀመሪያው የዳኛ ጥያቄ «አንተ የሠራኸው የቱን ነው?» የሚል ነው። መልሱን በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር የማይችል ተማሪ ቤቱ በክርና በዳዶ ከሠራው ያነሰ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

የክረምት ፕሮግራም

በሰሜን አሜሪካ ያሉት ታዋቂዎቹ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንደኛው ጎራ ሒሳብን ከሥሩ የሚያስተምረው ነው። ሮስ ፕሮግራም (ከእ.ኤ.አ. 1957 ጀምሮ) እና በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው ፕሮሚስ (ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ) ስድስት ስድስት ሳምንት ናቸው፤ ሁለቱም ጀማሪውን በቁጥር ቲዎሪ ይጀምሩታል፤ ተማሪው በየቀኑ የጥያቄ ወረቀት ይቀበልና ሕጉን ራሱ እንዲያገኘው ይገፋፋል። ካናዳ/ዩ.ኤስ.ኤ ማዝካምፕ (ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ) አምስት ሳምንት ሲሆን ተማሪው ብዙ ርዕሶች ቀርበውለት የሚወደውን እየመረጠ ይገባል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአንድ ነገር ላይ ስድስት ሳምንት መቆፈር የሚወድ ሮስን ወይም ፕሮሚስን ይምረጥ፤ ገና ምን እንደሚወድ ያላወቀ ማዝካምፕን።

ሁለተኛው ጎራ ምርምር የሚያሠራው ነው። አር.ኤስ.አይ (ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ፤ አሁን ኤም.አይ.ቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ) ተማሪውን ከተመራማሪ ጋር አጣምሮ በስድስት ሳምንት ጽሑፍና ገለጻ እንዲያቀርብ ያደርገዋል፤ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ለመግባት ግን ከሁሉም የጠበበው ነው። ሰመር ሳይንስ ፕሮግራም (ከእ.ኤ.አ. 1959 ጀምሮ) በአስትሮፊዚክስ ዘርፉ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ለምድር የሚቀርብን አስትሮይድ በቴሌስኮፕ ተከታትለው ምሕዋሩን ራሳቸው ያሰላሉ። ለፊዚክስና ለፕሮግራሚንግ ወዳጅ ከዚህ የተሟላ ሥራ በዚያ ዕድሜ ማግኘት ይከብዳል።

የሒሳቦቹን መግቢያ በሚመለከት ብዙ ተማሪ የማያውቀው ነገር አለ፤ የመግቢያ ጥያቄዎቹ በድረ ገጻቸው ላይ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ለመማር ብቻ ብትሠሯቸው ማንም አይከለክላችሁም፤ «ባትመረጡ ምን ይቀራችኋል?» ለሚለውም መልሱ ይህ ነው። መራጮቹ ሁሉም እንዲፈታ አይጠብቁም። «ለትንንሽ ቁጥሮች ሞከርኩ፣ ይህን አየሁ፣ ይህን ጠረጠርኩ፣ ይህን ክፍል አረጋገጥኩ፣ እዚህ ላይ ቆምኩ» የሚል ሐቀኛ ገጽ፣ ምክንያት ከሌለው ትክክለኛ መልስ ይበልጣል። የሚያስጥለው መጨረሻ ሳምንት ላይ መጀመር፣ ኮምፒውተር አስልቶ ያወጣውን ያለ ማብራሪያ መለጠፍ፣ ወይም ከሰው አለዚያም ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስሠሩትን ማቅረብ ነው። ሥራው የአመልካቹ ብቻ እንዲሆን ደንባቸው ይጠይቃል፤ የሰው ሥራ ይዞ የገባም ሁለተኛው ቀን ላይ መታየቱ አይቀርም፤ ያለ ምንም ረዳት በየቀኑ ማረጋገጫ ይጻፋልና።

ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ከዲሴምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። የገንዘብ ድጋፍ እንደ ቤተሰብ አቅም የሚሰጡ ስላሉ በክፍያው መጠን ደንግጣችሁ አትተዉ፤ ግን የድጋፍ ማመልከቻው ሌላ ቅጽ ወይም ሌላ የማብቂያ ቀን ሊኖረው ይችላል። ከሌላ አገር የሚሄድ ተማሪ ድጋፉ የአውሮፕላን ትኬትንና የቪዛ ክፍያን መሸፈን አለመሸፈኑን በጽሑፍ ይጠይቅ። የቪዛ ቀጠሮ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ፓስፖርት ከማመልከቻው በፊት እጅ ላይ ይሁን።

በቡድን የሚሠሩት

ብቻውን መሥራት ለማይሆንለት ተማሪ ዓለም አቀፉ የወጣት ፊዚሲስቶች ውድድር በውድድርና በምርምር መካከል ያለ ጥሩ መንገድ ነው። አሥራ ሰባት ክፍት ጥያቄዎች ከወራት በፊት ይለቀቃሉ፤ አምስት ሰው ያለው ቡድን ሙከራ ይሠራል፤ ከዚያ መድረክ ላይ አንዱ ቡድን በ12 ደቂቃ ያቀርባል፣ ሁለተኛው ይሞግታል፣ ሦስተኛው ሁለቱን ይገመግማል። ጥያቄዎቹ በነፃ ስለሚለቀቁ ወደ ውድድሩ ባትሄዱም ለትምህርት ቤት ክበብ የዓመት ሥራ ይሆናሉ። የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል የሆነው ሰርን ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ የሚያካሂደው የትምህርት ቤቶች ውድድር ደግሞ ቢያንስ አምስት ሆነው ዕድሜያቸው 16 የሞላ ተማሪዎች በቅንጣት ጨረር ላይ የሚሠራ ሙከራ እንዲያቅዱ ይጋብዛል፤ መሳተፍ በነፃ ነው፣ አሸናፊዎቹ ያቀዱትን በእውነተኛ ጨረር ላይ ይሠሩታል። የሚጠየቀው የተጻፈ ዕቅድና አጭር ቪዲዮ ስለሆነ ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤትም እኩል ይወዳደራል።

የቡድን ሥራ የሚበላሸው በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በሥራ ክፍፍል ነው። ማን ይለካል፣ ማን ይጽፋል፣ ማን ያሰላል የሚለው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በወረቀት ካልሰፈረ፣ የማታ ማታ አንድ ሰው ሁሉን ይሸከማል።

ከቤት ሳይወጡ

ኤም.አይ.ቲ ኮርሶቹን በነፃ ለቋል፤ የሊኒየር አልጀብራው ከቪዲዮ ትምህርቱ ጋር ያለ ምዝገባ ይገኛል። ሰርተፍኬት የለውም፤ ለዚህ ሲሉ የሚተዉት ይሳሳታሉ። ካልኩለስን ቀድሞ ለመጨረስ መሮጥ ግን ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው ያነሰ ይጠቅማል፤ የአልጀብራ መሠረቱ ያልጠነከረ ተማሪ ካልኩለስ ላይ የሚወድቀው በካልኩለሱ ሳይሆን በክፍልፋይና በኃይል ሕጎች ነው። ኤ.ፒ (የአሜሪካ) ወይም ኤ ሌቭል (የእንግሊዝ) የመሰለ የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ፈተና መውሰድ የሚያዋጣው ልትገቡበት ያሰባችሁት ዩኒቨርሲቲ ውጤቱን ለመግቢያ ወይም ለክሬዲት የሚቀበል ከሆነ ነው፤ መቀበሉን ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

እውነተኛ ምርምርን በትንሽ ወጪ መቅመስ ለሚፈልግ ሦስት ነገር አለ። ክራውድማዝ የተባለው ፕራይምስ በተሰኘው የኤም.አይ.ቲ የተማሪዎች ምርምር ፕሮግራምና አርት ኦፍ ፕሮብለም ሶልቪንግ በተሰኘው የሒሳብ ድረ ገጽ ትብብር እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረ ሲሆን ተማሪዎች ከየትም ሆነው ያልተፈታ የሒሳብ ጥያቄ በጋራ ይሠሩበታል። ዓለም አቀፉ የአስትሮይድ ፍለጋ ትብብር ለቡድኖች እውነተኛ የቴሌስኮፕ ምስል እየላከ አዲስ አስትሮይድ እንዲፈልጉ ያደርጋል፤ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ይበቃል። ዙኒቨርስ ማንም ሰው የሳይንስ ምስሎችን እየመደበ ተመራማሪዎችን የሚያግዝበት ድረ ገጽ ሲሆን ከእ.ኤ.አ. 2007ቱ የጋላክሲ ምስል መመደቢያ፣ ከጋላክሲ ዙ፣ የተወለደ ነው፤ በዚያው ዓመት ሃኒ ቫን አርከል የተባለች ሆላንዳዊት አስተማሪ የጋላክሲ ምስል ስትመድብ ሳይንቲስቶች ያላወቁትን የሚያበራ የጋዝ ደመና አገኘች። ሆኖም ምስል እየጠቆሙ መመደብ ብቻውን ለማመልከቻ ብዙ ክብደት የለውም፤ ክብደት የሚያገኘው ከመረጃው የራሳችሁን ጥያቄ ስታወጡ ነው።

ክፍያ ሲጠየቅ

በታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚካሄድ ሁሉ የዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ ማደሪያና ክፍል ተከራይተው የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። ጥቂት ምልክቶች ይለዩዋቸዋል። ምንም የሥራ ናሙና ሳይጠይቁ በቀናት ውስጥ «ተመርጠሃል» ብለው የሚጽፉ፣ ሳታመለክቱ ደብዳቤ የሚልኩ፣ የአስተማሪዎቹን ስም የማያወጡ፣ ገንዘቡ የማይመለስበትን ቀን በጥድፊያ የሚያስቀምጡ ከሆነ ተጠራጠሩ። ጥሩ ትምህርት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ግን የሚሸጡት ትምህርት ነው፣ ምርጫ አይደለም። ለማመልከቻ ክብደት ብላችሁ ከሆነ ገንዘቡን አታውጡ።

በክፍያ ምርምር አሠርተው ጽሑፍ እንደሚያሳትሙ ቃል የሚገቡትም እንዲሁ ናቸው። ኅትመት ዋስትና ከተሰጠበት ግምገማ የለም ማለት ነው። ጽሑፉን የሚያነብ ባለሙያም ይህን ያውቃል። በራስ ዳታ የተሠራ አሥር ገጽ ሪፖርት፣ ድካሙ የሚታይበት፣ ከእንዲህ ዓይነቱ «ኅትመት» ይልቅ ያስከብራል።

ስንት ጊዜ ቀርቷችኋል?

9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ዘንድሮ አንድ የምርጫ ውድድርና አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ይሞክር፤ በሚቀጥለው ዓመት የተሻለውን ይያዝና ሌላውን ይተው። ሁለቱንም እስከ ላይ እገፋለሁ ያለ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ግማሽ ላይ ይጥላል። 11ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ኦሊምፒያድን ከዜሮ መጀመሩ ለዕውቀት እንጂ ለቡድን ምርጫ አይደርስም፤ የክረምት ፕሮግራም ማመልከቻና የስምንት ወር ፕሮጀክት ግን ይደርሳሉ። 12ኛ ክፍል ገብቶ ስድስት ወር ብቻ የቀረው፣ ክራውድማዝን ወይም በተለቀቀ መረጃ ላይ የሚሠራ ትንሽ ትንተናን ይምረጥ፤ አዲስ መሣሪያ የሚሠራበትን ፕሮጀክት አይጀምር፤ መሣሪያው ሳያልቅ ፈተናው ይደርሳል።

የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጠይቁት ሁሉ፣ አስተማሪውን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጠይቁ። ከጥያቄው ጋር የሠራችሁትን አንድ ገጽ ስጡት፤ የትኛውን ጥያቄ ታገላችሁ፣ የት ቆማችሁ፣ የትኛውን ስህተት አርማችሁ እንደሆነ። «ጎበዝና ትሑት ተማሪ ነው» የሚል ደብዳቤ የሚጻፈው አስተማሪው ሌላ የሚጽፈው ነገር ሲያጣ ነው።